ማን ይላክ? የአትሌቶችን ውጤት በአማካይና በሬንጅ ማወዳደር

ድሬ ውስጥ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲቃረብ አንድ ክርክር አይቀርም። ለ100 ሜትር የምትላከው አንዲት ልጅ ናት። ለቦታው የሚፎካከሩት ግን ሁለት ሦስት ናቸው። አንዱ ወገን "የኛዋ እኮ 13.1 ገብታለች!" ይላል። ሌላው "አቦ ተዉና! እሱን አንዴ ነው የሮጠችው። የኛዋን በፈለጋችሁት ቀን አምጧት፣ ያው ናት" ብሎ ይመልሳል። የስፖርት መምህሩ መሃል ላይ ይቆማል። ከዚያ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ድምፁ ከፍ ያለው ወገን ነው።

ሁለቱም ወገኖች ግን ያላቸው ነጥብ ትክክል ነው። አንዱ ስለ ፍጥነት ያወራል፣ ሌላው ስለ አስተማማኝነት። እነዚህን ሁለት ነገሮች በቁጥር ለማየት ትልቅ ሒሳብ አያስፈልግም፤ ትምህርት ቤት የተማርናቸው አማካይና ሬንጅ ይበቃሉ። አማካይ ሯጯ አብዛኛውን ጊዜ የት አካባቢ እንደምትገባ ያሳያል። ሬንጅ፣ ማለትም ከትልቁ ቁጥር ላይ ትንሹ ሲቀነስ የሚቀረው፣ ከቀን ቀን ምን ያህል እንደምትዋዥቅ ያሳያል። አንዱን ብቻ ይዞ የሚወስን አሰልጣኝ በግማሽ መረጃ ነው የሚወስነው።

አሠራሩን ከነወጥመዶቹ ላሳያችሁ። የድሬ ልጆች ብዬ፣ በሰፈራቸው ስም እየጠራሁ የማቀርባቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀኋቸው ናቸው። የታዋቂዎቹ አትሌቶች ግን የእውነት ውጤት ነው።

መጀመሪያ የሰዓት አያያዙን አስተካክሉ

ደብተር፣ እስክሪብቶና ስልክ በቂ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ስቶፕዎች ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም። ዋናው ነገር ሁሉም በተመሳሳይ ሁኔታ መሮጡ ነው። አንዷን ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ሌላዋን ሳቢያን አስፋልት ላይ አስሩጣችሁ ብታወዳድሩ፣ መሬቱን እንጂ ልጆቹን አላወዳደራችሁም።

ሰዓቱም እንደዚያው። የድሬን ፀሐይ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሮጠችና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በገባበት ሰዓት የሮጠች፣ የተፈተኑት አንድ ፈተና አይደለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ምረጡና በዚያው ጽኑ።

ከውጤቱ ጎን ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። የተለየ ነገር ካለም በሁለት ቃል ጣል አድርጉበት፦ "ነፋስ ነበር"፣ "ጫማ ተፈታ"፣ "አሞኛል ብላለች"። አሁን ትርፍ ሥራ ይመስላል። ትንሽ ቆይታችሁ ግን ውሳኔውን ሁሉ የምትገለብጠው ይህቺ ማስታወሻ ስትሆን ታያላችሁ።

አስነሺው በፊሽካ የሚያስነሳ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድምፅ 100 ሜትር ለመጓዝ ወደ 0.3 ሰከንድ ይፈጅበታል። መጨረሻው ላይ የቆመው ሰዓት ያዥ ፊሽካውን ሰምቶ ከጫነ ልጆቹ 0.3 ሰከንድ ያህል በነፃ ተሰጣቸው ማለት ነው። በ100 ሜትር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በትላልቅ ውድድሮች በእጅ ሰዓት የሚይዙ ዳኞች የሽጉጡን ጭስ ወይም ብልጭታ አይተው የሚጫኑት ለዚህ ነው። እናንተም አስነሺው እጁን ከፍ አድርጎ ይዞ ከፊሽካው ጋር እኩል እንዲያወርድ አድርጉ፤ ሰዓት ያዡ ዓይኑን እጁ ላይ ይትከል።

ሰዓት ያዡም አንድ ሰው ይሁን። ዛሬ እናንተ፣ ነገ ጓደኛችሁ ከያዛችሁ የሁለታችሁ ጣት ልዩነት ከልጆቹ ልዩነት ጋር ይደባለቃል። ሁለት ሦስት ሰው ማቆም ከቻላችሁ ደግሞ ደስ ይላል። በውድድር ሕግ ሦስት ሰዓት ያዦች አንድን ሯጭ ይዘው ሦስቱም የተለያየ ካነበቡ የሚመዘገበው መካከለኛው ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ረዘም ያለው ይወሰዳል። እዚህ ላይ አማካይ አይሠራም፣ ምክንያቱም አንዱ ሰዓት ያዥ ዘግይቶ ከጫነ ስህተቱ አማካዩን ይጎትተዋል፤ መካከለኛውን ግን አይነካውም።

ስንት ጊዜ ይሩጡ? አምስት ጊዜ ጥሩ መነሻ ነው፣ በተለያየ ቀን። አምስቱንም በአንድ ጠዋት ካስሮጣችኋቸው የምትለኩት ድካማቸውን ይሆናል።

ሁለት ልጆች፣ አንድ አማካይ

እንግዲህ ደብተራችሁ ላይ ይሄ አለ እንበል፣ የ100 ሜትር ውጤት በሰከንድ፦

የሳቢያኗ፦ 13.6፣ 13.4፣ 13.7፣ 13.5፣ 13.6
የለገሃሬዋ፦ 13.1፣ 14.2፣ 13.3፣ 14.0፣ 13.2

አማካዩን ለማግኘት አምስቱን ደምሩና ለአምስት አካፍሉ። የሳቢያኗ ድምር 67.8 ነው። ለ5 ሲካፈል 13.56። የለገሃሬዋን ደምሩ፦ 67.8። እሷም 13.56።

እኩል ናቸው ማለት ነው? በአማካይ ብቻ ካያችሁ አዎ። አሁን ሬንጁን ውሰዱ። የሳቢያኗ 13.7 ሲቀነስ 13.4፣ 0.3 ሰከንድ። የለገሃሬዋ 14.2 ሲቀነስ 13.1፣ 1.1 ሰከንድ። አማካያቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል። "ሬንጇ ጠባብ ነው፣ እሷ ትላክ" ብሎ ይዘጋዋል። ቆይ! ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እዩዋቸው። የለገሃሬዋ ከአምስት ሙከራ በሦስቱ (13.1፣ 13.2፣ 13.3) የሳቢያኗን ምርጥ ሰዓት አሻሽላ ገብታለች። ሳቢያኗ በሕይወቷ ጥሩ ቀን ብትሮጥ እንኳ ለገሃሬዋ ጥሩ ቀኗ ከሆነ አትደርስባትም። ስለዚህ መልሱ ያለው ደብተሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ምን ዓይነት ውድድር ነው የሚለውም ጥያቄ አለ።

ውድድሩ አንድ ሩጫ ብቻ ከሆነና አንደኛ የወጣ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ የለገሃሬዋን እልካለሁ። ወይ ታሸንፋለች ወይ ትቀራለች፣ ሁለተኛና አራተኛ መውጣት ለውጥ የለውም። ማጣሪያ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፍጻሜ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚሮጥበት ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሦስቱንም ጊዜ ጥሩ መሮጥ አለባት። ከአምስት ሁለቴ 14 እና ከዚያ በላይ የምትገባ ልጅ ፍጻሜው ሳይደርስ የመውደቅ ዕድሏ ቀላል አይደለም።

ለዱላ ቅብብል ደግሞ ምንም አልጠራጠርም፣ የሳቢያኗ ናት። በቅብብል ተቀባይዋ የምትነሳው ዱላ ይዛ የምትመጣዋ መሬት ላይ የተደረገውን ምልክት ስትረግጥ ነው። ያ ምልክት የሚለካው በመጪዋ የተለመደ ፍጥነት ነው። መጪዋ ዛሬ በ13.1 ነገ በ14.2 ፍጥነት የምትመጣ ከሆነ ተቀባይዋ አንድ ቀን ትጋጫለች፣ አንድ ቀን ዱላው ሳይደርሳት የመቀባበያውን ክልል ታልፋለች። እዚህ ጠባብ ሬንጅ ከፍጥነት ይበልጣል።

አሁን ወደዚያች ማስታወሻ እንመለስ። የለገሃሬዋን ሁለት መጥፎ ውጤቶች፣ 14.2 እና 14.0፣ ስታዩ ከጎናቸው "ከሰዓት 9፣ ከባድ ፀሐይ" ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሦስቱ ጥሩዎቹ ጠዋት ናቸው። የጠዋቶቹ አማካይ 13.2 ነው፣ ሬንጁ 0.2። ልጅቷ አልዋዠቀችም! የዋዠቀው የሙከራው ሰዓት ነው። ሰፊ ሬንጅ ስታዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን ተለየ?" ነው፤ ልጅቷን "አትታመኚም" ማለት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቀጥሎም የውድድሩን ፕሮግራም ጠይቁ። ጠዋት ከሆነ ክርክሩ አልቋል፣ የለገሃሬዋ ሻንጣዋን ታዘጋጅ። ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ሳቢያኗን ከሰዓት ለክታችሁ ታውቃላችሁ? ካልለካችሁ ገና አልጨረሳችሁም።

ደቂቃ ያለበት ውጤት

ብዙ አሰልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመጋላው ልጅ 1500 ሜትርን በ4:50፣ በ4:58 እና በ5:06 ሮጠ እንበል። ስልክ ካልኩሌተር ላይ 4.50፣ 4.58፣ 5.06 ብላችሁ ደምራችሁ ለ3 ብታካፍሉ 4.71 ይወጣል። 4 ደቂቃ ከ71 ሰከንድ! እንዲህ ዓይነት ሰዓት የለም። ካልኩሌተሩ ደቂቃው 60 ሰከንድ መሆኑን አያውቅም።

መፍትሔው ሁሉንም ወደ ሰከንድ መቀየር ነው። ደቂቃውን በ60 አባዙ፣ ሰከንዱን ጨምሩ፦ 290፣ 298፣ 306። ድምሩ 894፣ ለ3 ሲካፈል 298። መልሳችሁ ወደ ደቂቃ ስትቀይሩት 4:58። ሬንጁ 306 ሲቀነስ 290፣ 16 ሰከንድ።

ለረጅም ሩጫ ደግሞ አቋራጭ አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በርሊን ማራቶንን እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 በተከታታይ አራት ጊዜ አሸንፏል። ሰዓቶቹ 2:05:56፣ 2:04:26፣ 2:03:59 እና 2:06:08 ናቸው። የ2007ቱና የ2008ቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። ሁሉም ላይ 2 ሰዓት ስላለ እሱን ለጊዜው ተዉትና ትርፉን ብቻ ወደ ሰከንድ ቀይሩ፦ 356፣ 266፣ 239፣ 368። ድምሩ 1229፣ ለ4 ሲካፈል 307 ገደማ። 307 ሰከንድ 5 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። 2 ሰዓቱን መልሱለት፦ አማካዩ 2:05:07። ሬንጁ 368 ሲቀነስ 239፣ 129 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ።

129 ሰከንድ ከመጋላው ልጅ 16 ሰከንድ ጋር ሲታይ ኃይሌ በጣም የሚዋዥቅ ይመስላል አይደል? አያስኬድም። አንዱ 1500 ሜትር ነው፣ ሌላው 42 ኪሎ ሜትር። የተለያየ ርቀት ላይ ያሉ ሰዎችን መረጋጋት ለማወዳደር ሬንጁን ለአማካዩ አካፍሉና በ100 አባዙ። የመጋላው ልጅ 16 ለ298፣ 5.4 ከመቶ። የሳቢያኗ 0.3 ለ13.56፣ 2.2 ከመቶ። የኃይሌ 129 ለ7507፣ 1.7 ከመቶ። በአራት ዓመት ውስጥ፣ በተለያየ አየር፣ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ 1.7 ከመቶ ብቻ! አሁን ሬንጁ ትርጉም ሰጠ።

አንድ መጥፎ ሩጫ ሁሉንም ሲያበላሽ

የከዚራው ልጅ እንዲህ ሮጧል፦ 13.5፣ 13.6፣ 13.4፣ 13.5፣ 17.8። የመጨረሻው ላይ ወድቋል። አምስቱንም ብትይዙ አማካዩ 14.36፣ ሬንጁ 4.4 ይሆናል። የወደቀበትን ብታወጡ አማካዩ 13.5፣ ሬንጁ 0.2። ጉልበቱ የተላጠ አንድ ልጅ በወረቀት ላይ ሌላ ሰው ሆነ።

ሬንጅ የሚሠራው በሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ በትልቁና በትንሹ፣ አንድ ያልተለመደ ውጤት ከገባ መሃል ያሉት ሁሉ ድምፅ አይኖራቸውም። ስለዚህ ማውጣት ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን በሕግ። ምክንያቱ በዚያው ቀን የተጻፈ መሆን አለበት፤ "ወደቀ" ተብሎ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ስላላማራችሁ ብቻ ብታወጡት ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ለአንዱ ያወጣችሁትን ለሌላውም አውጡ። ያወጣችሁትን ደግሞ አትፋቁት፣ በላዩ መስመር አስምሩበትና ይታይ። የወንድማችሁ ልጅ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ከሆነ ይሄ መስመር ከብዙ ሐሜት ያድናችኋል።

በጣም ፈጣን የሆነም ውጤት ይጠርጠር። 13.5 አካባቢ የሚገባ ልጅ ድንገት 12.4 ከገባ ደስታው ሳይጀመር ሰዓት ያዡን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ልጁ ሲነሳ ጣቱ ዘግይቶ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሙከራ በጨመራችሁ ቁጥር ሬንጅ ወይ ባለበት ይቆያል ወይ ይሰፋል፤ በፍጹም አይጠብም። ሦስት ጊዜ የሮጠችን አሥራ ሁለት ጊዜ ከሮጠች ጋር በሬንጅ ማወዳደር ብዙ የሮጠችውን መበደል ነው። እኩል ቁጥር ሙከራ ያዙ። ካልሆነም ከብዙው ውስጥ የቅርብ አምስቱን ብቻ ውሰዱ።

ስለ ትንንሽ ልዩነቶችም ልናገር። የአንዷ አማካይ 13.52፣ የሌላዋ 13.56 ቢሆን በእጅ በተያዘ ሰዓት "ይቺ ትበልጣለች" ማለት አይቻልም። ሙከራችሁን እንዲህ ፈትሹት፦ ሁለት ሰው አንዱን ሩጫ ይያዝና የሁለታችሁን ንባብ አወዳድሩ። በመካከላችሁ ያለው ልዩነት 0.2 ከሆነ ከዚያ ያነሰ የልጆች ልዩነት ላይ ተመሥርታችሁ ማንንም አታስቀሩ። በእጅ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ከኤሌክትሮኒክ ሰዓት ጋር ሲወዳደር በተለምዶ 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበትም ሯጮቹ ሲነሱ ጣታችን ስለሚዘገይ ነው።

ዝላይና ውርወራ፦ ሉዊስና ፓወል

በዝላይና በአሎሎ ትልቅ ቁጥር ነው ጥሩው፣ እሱን ሁሉም ያውቃል። የሚከብደው ፋውል ነው፣ ማለትም ሕግ ተጥሶበት ያልተለካ ሙከራ። ስድስት ሙከራ ተሰጥቶት ሁለቱ ፋውል የሆነበት ዘላይ አማካዩ እንዴት ይሰላ? ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1991 ቶኪዮ ላይ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና የርዝመት ዝላይ ፍጻሜ የሚያክል ምሳሌ አላውቅም።

አሜሪካዊው ካርል ሉዊስ ለአሥር ዓመት በርዝመት ዝላይ ሳይሸነፍ ነበር የመጣው። የዚያን ቀን እንዲህ ዘለለ፦ 8.68፣ ፋውል፣ 8.83፣ 8.91፣ 8.87፣ 8.84። የአገሩ ልጅ ማይክ ፓወል ደግሞ፦ 7.85፣ 8.54፣ 8.29፣ ፋውል፣ 8.95፣ ፋውል።

ፋውሉን ዜሮ ብላችሁ ብትቆጥሩ የሉዊስ አማካይ 7.36 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንዴም እንዲህ አጭር ያልዘለለ ሰው! ዜሮ ሜትር የዘለለ የለም፤ ዝላዩ አልተለካም እንጂ። ስለዚህ የተለኩትን ብቻ ደምሩና በተለኩት ቁጥር አካፍሉ፣ የፋውሉን ብዛት ግን ለብቻው ጻፉት። ሉዊስ፦ 44.13 ለ5፣ 8.83 ገደማ፣ ሬንጁ 0.23፣ ፋውል 1። ፓወል፦ 33.63 ለ4፣ 8.41 ገደማ፣ ሬንጁ 1.10፣ ፋውል 2።

በአማካይ ሉዊስ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ይበልጣል። በመረጋጋትም አይወዳደሩም። በፋውልም የተሻለው እሱ ነው። ያሸነፈው ግን ፓወል ነው። የርዝመት ዝላይ ሕግ የሚከፍለው ለአንድ ምርጥ ዝላይ ብቻ ነው፤ 8.95ቱ ደግሞ ቦብ ቢሞን እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የዘለለውን 8.90 የሰበረ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ።

ከዚህ ምን እንወስዳለን? አማካይና ሬንጅ "ነገ ደግመው ቢዘሉ ማን ላይ ትወራረዳለህ?" ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ናቸው። እኔ ያንን ቀን ሉዊስ ላይ ነበር የምወራረደው፣ እሸነፍም ነበር። ስለዚህ ለዝላይና ለውርወራ ስትመርጡ ሦስተኛ ዓምድ ጨምሩ፣ "ምርጥ" የሚል። ምርጥ ዝላያቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ልጆች ካሉ ያኔ አማካዩን እዩ። ዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ ሁለት ዘላዮች በምርጥ ዝላያቸው እኩል ሲሆኑ ሁለተኛ ምርጣቸውን ይመለከታል።

በነገራችን ላይ የሉዊስ 8.83 እና 8.91 ነፋስ ከኋላ የገፋቸው ነበሩ። በሰከንድ ከ2 ሜትር የበለጠ ነፋስ ካለ ውጤቱ ለውድድሩ ይያዛል፣ ለክብረ ወሰን ግን አይያዝም። እኛ ጋ የነፋስ መለኪያ ላይኖር ይችላል። አቧራው ወዴት እንደሚሄድ አይታችሁ "ከኋላ" ወይም "ከፊት" ብላችሁ መጻፍ ግን ማንንም አያቅትም።

የሐረርና የድሬ ልጆች

ሐረርና ድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። በመሃላቸው ያለውን የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ግን አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቀዋል። ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል። ለአጭር ሩጫና ለዝላይ መሳሳቱ ትንሽ ያግዛል፣ ለረጅም ሩጫ ግን ኦክስጅን ስለሚያንስ ይከብዳል። የድሬው ሙቀት ደግሞ በራሱ ረጅም ሩጫን ይጎዳል። የዓለም ውጤት ዝርዝሮች ላይ ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ የተመዘገቡ የአጭር ርቀትና የዝላይ ውጤቶች የተለየ ምልክት የሚደረግባቸው የሳሳው አየር ስለሚያግዝ ነው፤ ሁለቱም ከተሞቻችን እዚያ ውስጥ ይገባሉ።

ስለዚህ ሐረር ላይ የተያዘን የ1500 ሜትር አማካይ ድሬ ላይ ከተያዘው ጋር ቀጥታ አታወዳድሩ። ሬንጁን በመቶኛ ማወዳደር ይሻላል፤ ማን ይረጋል የሚለውን ከተማው ያን ያህል አይለውጠውም። ማን ይፈጥናል የሚለውን ለማወቅ ግን ሁለቱንም አንድ ሜዳ ላይ ማምጣት ነው። ሚኒባስ አለ፣ ሰበብ የለም።

ኳስ ላይም ይሠራል፣ በጥንቃቄ። ሁለት አጥቂዎች በ10 ጨዋታ 10 10 ጎል አግብተዋል እንበል። አማካያቸው 1 ነው። አንዱ በአንድ ጨዋታ 5፣ በሌላ 4፣ በሌላ 1 አግብቶ በሰባቱ ባዶ ወጥቷል፤ ሬንጁ 5። ሌላው አንዴ 2፣ አንዴ 0፣ በቀሩት ስምንቱ አንድ አንድ፤ ሬንጁ 2። ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን ሁለተኛውን እንደሚፈልግ ግልጽ ይመስለኛል። ብቻ ተቀይሮ 20 ደቂቃ የተጫወተበትን ከ90 ደቂቃው ጋር እኩል እንዳትቆጥሩ።

ቅደም ተከተሉን አትጣሉ

አማካይም ሬንጅም የማያዩት አንድ ነገር አለ፦ ውጤቱ የመጣበትን ተራ። የገንደ ቆሬዋን ልጅ ተመልከቱ፣ ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ መጨረሻው፦ 14.4፣ 14.1፣ 13.9፣ 13.6፣ 13.4።

አማካይ 13.88፣ ከሦስቱም ልጆች የመጨረሻ። ሬንጅ 1.0፣ ከለገሃሬዋ ብዙም አይሻል። በሁለቱ ቁጥር ብቻ ካያችኋት ወደ ቤቷ ትሸኟታላችሁ። ግን አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልተመለሰችም! ሬንጇን ያሰፋው መሻሻሏ ነው። የመጨረሻ ሦስቱን ብቻ ብትወስዱ አማካይዋ 13.63 ነው፣ ሳቢያኗን ልትደርስባት ትንሽ ቀርቷታል። የመጨረሻው ሩጫዋ ደግሞ ከሳቢያኗ ምርጥ ሰዓት ጋር እኩል ነው።

ለዚህ ነው ውጤቶችን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ አዲስ ወረቀት ላይ አትገልብጡ የምለው። በቀናቸው ቅደም ተከተል ይቀመጡ። ስልካችሁ ላይ ኤክሴል ካለ አማካዩንም፣ ትልቁንም፣ ትንሹንም ራሱ ያወጣላችኋል፣ መስመር ግራፍም ይሥላል። ግራፉ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ በሩጫ ጥሩ ምልክት ነው። ከሌለም ደብተሩ ይበቃል፤ ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ መስመር፣ ከጎኑ አማካይ፣ ሬንጅ፣ ምርጥ፣ የመጨረሻ ሦስቱ አማካይ።

ውድድሩ ከሰዓት ነው፣ ሁለት ሳምንትም ቀርቶታል እንበል። የለገሃሬዋን የከሰዓት ፀሐይ ይጎዳታልና፣ ሳቢያኗንና ገንደ ቆሬዋን ከሰዓት በውድድሩ ሰዓት ሁለት ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን አስሩጧቸው። ገንደ ቆሬዋ በሁለቱም ከቀደመች እሷ ትሂድ። አንድ አንድ ከተካፈሉ ወይም ሳቢያኗ ከቀደመች ሳቢያኗን ላኩ፣ ገንደ ቆሬዋን ደግሞ ለቅብብሉ ያዟት። ደብተሩን ለልጆቹም ለወላጆቹም ክፍት አድርጉት፣ ቁጥሩን ራሳቸው ይደምሩት።